ባሩዱን የሚመርጠው ቀለሃው ነው

የተከበራችሁ የተኩስ ክበባችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ እዚህ ባዶ ወንበሮች ይታዩኛል። ሲጋራ በእጁ የያዘ ካለ ግን አይቅረብ። ወጥቶ አጥፍቶ ይመለስ። እየቀለድሁ አይደለም። ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነጭ ወረቀቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ባሩድ አፍስሻለሁ። ምሽቱን የምናሳልፈው ከእነሱ ጋር ነው።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ለትንንሽ ፈጣን ጠመንጃዎች ጥይት በእጃችን ስንሞላ ተስማሚውን ባሩድ እንዴት እንደምንመርጥ ነው። ትንንሽ ፈጣን ስል ሰብልና ግጦሽ የሚያበላሹትን፣ ጉድጓድ እየማሱ መሬቱን ወንፊት የሚያስመስሉትን እንስሳት ከሩቅ ለመምታት የተሠሩትን ማለቴ ነው። ዒላማው ከጫማ የማይበልጥ፣ ርቀቱ 200 እና 300 ሜትር፣ አረሩ ከ3.5 ግራም ብዙም የማያልፍ፣ ፍጥነቱ ግን ብዙ ጊዜ በሰከንድ 1000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነ።

ከመጀመራችን በፊት በቃላት እንስማማ። ጥይት ስል ሙሉውን ነው። አረር ስል ከፊት የሚወጣውን፤ ቀለሃ ስል ከኋላ የሚቀረውን ናስ፤ መለኮሻ ስል ከቀለሃው ግርጌ የምትቀመጠውን፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትሰጠውን ትንሽ ቆብ ነው። ባሩዱን ግን ማንም አይስተውም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት፣ አሁን እዚህ መካከላችሁ ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም፣ ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ባሩድ የትኛው ነው?» አለኝ። «ለየትኛው ጥይት?» አልሁት። «ለማንኛውም» አለኝ። ልጄ፣ ከሁሉ የሚበልጠው የጫማ ቁጥር ስንት ነው? አርባ ሁለት? አርባ አራት? እግሩን ሳላይ ምን ብዬ ልመልስ? ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ለዚያ ጥያቄ ነው። እግሩ ቀለሃው ነው። ባሩዱን የምንመርጠው እኛ አይደለንም፤ የሚመርጠው ቀለሃው ነው። እኛ የምንሠራው ቀለሃው የጠየቀውን መስማት ነው።

በሦስት ነጥቦች እሄዳለሁ። አንደኛ፣ ባሩድ እንዴት እንደሚነድ። ሁለተኛ፣ ቀለሃና አረር ምን እንደሚጠይቁ። ሦስተኛ፣ ፀሐይና ሙቀት ምን እንደሚያደርጉ። አራተኛም አለ፤ የገዛ እጃችን ስሕተት ነው፤ እሱን ግን ለብቻው አላስቀመጥሁትም፤ በየመካከሉ ራሱ እየገባ ያስቸግረናል።

አንደኛ። ባሩድ ይፈነዳል የሚል እጁን ያንሣ። ብዙ እጅ አያለሁ። አመሰግናለሁ፣ አውርዱ። ባሩድ አይፈነዳም። ይነድዳል። ሜዳ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ ብትለኩሱት «ፉሽ» ብሎ ቢጫ ነበልባል ያወጣና ያልቃል፤ የተኩስ ድምፅ የለውም። ያው ባሩድ ቀለሃ ውስጥ ተዘግቶ ሲለኮስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የባሩድ የመንደድ ፍጥነት በዙሪያው ባለው ግፊት ይወሰናል። ሲነድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ ደግሞ መልሶ ባሩዱን ያፋጥነዋል። ይህን ሽቅብ ሩጫ የሚያረግበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአረሩ ወደ ፊት መሸሽ። አረሩ ሲሸሽ ለጋዙ ቦታ ይሰፋለታል። ግፊቱ ጣራ የሚነካው አረሩ ገና ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደተጓዘ ነው፤ አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ሁሉም ነገር ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ብዙም ባልራቀ ጊዜ ውስጥ አልቋል።

ስለዚህ የባሩድ ምርጫ ማለት ምን ማለት ነው? በሚነደው ባሩድና በሚሸሸው አረር መካከል ያለውን እሽቅድምድም ማስተካከል ማለት ነው። ባሩዱ ከቀደመ ግፊቱ ከልክ አልፎ ጠመንጃውን ያበላሻል፣ ሰውንም ይጎዳል። አረሩ ከቀደመ ግማሹ ባሩድ ከአፈሙዝ ውጭ በከንቱ ይነድዳል፤ ምቱም ይበታተናል።

ድሮ ይህ ምርጫ አልነበረም። ጥቁሩ ባሩድ፣ ከመቶ 75 እጅ ጨው ጴጥር፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ፣ ከተለኮሰ በኋላ ግማሹና ከዚያም በላይ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀር ነበር። የመንደድ ፍጥነቱን ለመለወጥ ፍሬውን ማድቀቅ ወይም ማሳደግ ካልሆነ በቀር ብዙ መላ አልነበረም። ነገሩን የለወጠው ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ነው፤ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ጦር በዚያው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ጠመንጃ ታጠቀ። አልፍሬድ ኖቤል በ1887 ናይትሮግሊሰሪን የተቀላቀለበትን የራሱን ዓይነት አስከተለ። እነዚህ ሰዎች ያመጡት ትልቁ ነገር ጭስ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ባሩዱ ሊጥ ሆኖ እንደተፈለገ የሚቀረጽ መሆኑ ነው። ተቀረጸ ማለት ደግሞ አነዳዱ ታዘዘ ማለት ነው።

እንዴት ታዘዘ? እሳት ያነደደ ሁሉ ያውቀዋል። ጭራሮና ግንድ ከአንድ ዛፍ ቢቆረጡም ጭራሮው ቦግ ብሎ ያልቃል፤ ግንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። እንጨቱ አንድ ነው፤ የተለየው ለእሳቱ የተጋለጠው ገጽ ነው። ባሩድም የሚነደው ከገጹ ወደ ውስጥ ነው።

አሁን ፊት ያላችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ በእጅ ግን አትንኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ተቆራርጦ የተጣለ የእርሳስ ልብ ይመስላል፤ ትንንሽ እንጨቶች። መነጽር ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ እያንዳንዷ እንጨት በመካከሏ ቀዳዳ አላት። ለምን? ከውጭ ስትነድ ገጿ ይጠባል፤ ከቀዳዳው ስትነድ ገጿ ይሰፋል፤ አንዱ ሌላውን ያካክሳልና አነዳዱ እስከ መጨረሻው እኩል ሊሆን ይቀርባል። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ያለው የሰናፍጭ ፍሬ የመሰለው፣ ወረቀቱን ትንሽ ብታዘነብሉት የሚንከባለለው ነው። ክብ ነገር ሲነድ ገጹ እያነሰ ይሄዳል፤ ያ ማለት መጀመሪያ ላይ ይቸኩላል፣ ኋላ ይዳከማል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከላይ እሳት የሚያዘገይ ነገር ይቀቡታል። ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቀው ግን ከዚያ ቅባት ሳይሆን ከሁለተኛው ልባስ፣ የእርሳስ ልብ ከሚሠራበት ከግራፋይቱ ነው፤ እንዳይጣበቅ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታም እንዳያጠራቅም ነው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ያለው ስስ ቅርፊት፣ የተራ ሽጉጥና ትንንሽ እርሳሶች የሚበትነው የአደን ጠመንጃ ባሩድ ነው። እሱን ያመጣሁት እንድትመርጡት አይደለም፤ እንድትፈሩት ነው። ጭራሮ ነው እሱ! ለጠመንጃ የሚመዘነውን ያህል ከዚህ ቢሞላ ጠመንጃው አይተርፍም፤ ተኳሹም እድለኛ ካልሆነ አይተርፍም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ።

እነዚህን አራት ባዶ ቀለሃዎች አቁሜያቸዋለሁ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ 22 ሆርኔት፣ 223 ሬሚንግተን፣ 22-250 ሬሚንግተን፣ 220 ስዊፍት። አፋቸውን እዩ። ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ወደ 5.7 ሚሊ ሜትር የሚሆን አረር ነው የሚጎርሱት። ሆዳቸውን ደግሞ እዩ። ሆርኔት ውኃ ብትሞሉባት ወደ 14 ግሬን ትይዛለች፤ 223 ወደ 28፤ 22-250 ወደ 44፤ ስዊፍት ወደ 48። አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ መሆኑን አስታውሱ። እና አራቱን በአንድ ባሩድ ልሙላ የሚል ሰው ምን እያለ ነው? አራት ሆድ በአንድ እንጀራ ልኬት ልመግብ እያለ ነው።

ሆርኔት ትንሽ ሆድ አላት። የሚገባት ባሩድ ጥቂት ስለሆነ ያ ጥቂት ቶሎ ነዶ አረሩን ሊገፋው ይገባል። ስለዚህ የሚስማማት ማግነም ለሚባሉት ኃይለኛ ሽጉጦችና ለመሳሰሉት ከተሠሩት የቸኮሉት ነው፤ ኤች 110 እና ሊል ጋን የሚባሉት በብዙ መመሪያ መጽሐፍ ከስሟ አጠገብ የሚገኙት ለዚያ ነው። 223 ላይ ስንደርስ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ኤች 322፣ ኤች 335፣ ቤንችማርክ፣ ቫርጌት። 22-250 ላይ አሁንም ይዘገያል፤ ቫርጌት እዚህም አለ፤ 4895 አለ፤ ኤች 380 አለ። ስዊፍት ጋ ደግሞ አይ ኤም አር 4064 ዓመታት ያስቆጠረ ወዳጅ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሆዱ በሰፋ ቁጥር ባሩዱ ዘገየ። ለምን? ብዙ ባሩድ በአንድ ጠባብ አፍ ሊወጣ ነው። ቸኩሎ ቢነድ መውጫ የለውም።

አረሩም የራሱ ድርሻ አለው። ቀላል አረር ቶሎ ይሸሻል፤ ከኋላው ቶሎ ቦታ ይከፍታል፤ ግፊቱ እንዳይወድቅ ፈጠን ያለ ባሩድ ይፈልጋል። ከባዱ አረር እንደ ተጫነ በቅሎ ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል፤ ዘግየት ያለ ባሩድ ይታገሠዋል። በ223 ውስጥ 40 ግሬን አረር የሚሞላ ሰው ኤች 322ን ቢወድ፣ 69 ግሬን የሚሞላው ቫርጌትን ቢወድ አይጣሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ግፊት ስል ቃሉ እንዲሁ አይለፋችሁ። ለ223 የተፈቀደው ጣራ በአንድ ካሬ ኢንች 55,000 ፓውንድ ነው፤ ለ22-250 ደግሞ 65,000። የመኪና ጎማ በዚያው መለኪያ 30 ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ነገር ፊታችሁን በምታስጠጉበት ብረት ውስጥ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የምትሞሉትን መጠን ከእኔም፣ ከጎረቤታችሁም፣ ከማንም አፍ አትውሰዱ። ባሩዱን የሠራው ድርጅት ካተመው ሠንጠረዥ ብቻ ውሰዱ፤ በመነሻው ጀምሩ፤ መነሻው ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡ ከሚፈቅደው ትልቁ መጠን፣ ከጣራው፣ 10 በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ነው። ዛሬ ማታ አንድም የአሞላል መጠን አልነግራችሁም። አንዱን ብቻ እነግራችኋለሁ፤ እሱም ለታሪክ እንጂ ለመሙያ አይደለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሩስ ሆጅደን የሚባል አሜሪካዊ ለጦሩ ተሠርቶ የተረፈውን ባሩድ በብዛት ገዝቶ ጥይት በእጃቸው ለሚሞሉ ሰዎች መሸጥ ጀመረ። 4895 ከነዚህ አንዱ ነበር። ከዚያም ገና ስም ያልወጣለት አንድ ክብ ፍሬ ባሩድ ነበረው። 22-250 ያን ጊዜ ፋብሪካ ያልተቀበለው የግለሰቦች ሥራ ነበር፤ ሬሚንግተን በይፋ የተቀበለው በ1965 ነው። ሰውየው በዚያ ቀለሃ 38.0 ግሬን ባሩድ ከ52 ግሬን አረር ጋር ሲሞላ ምቶቹ በአንድ ቀዳዳ ሲገቡ አየ። ስሙ ወጣ፤ ኤች 380፤ «ኤች» ከሆጅደን ስም፣ 380 ከ38.0 ግሬኑ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ስለ ሰውየው አይደለም። ስሙን ያወጣለት ቀለሃው ስለሆነ ነው። ባሩዱ በሌላ ቀለሃ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ በሌላ ቁጥር ይጠራ ነበር፤ ወይም ጭራሽ አይጠራም ነበር።

የቁጥር ነገር ከተነሣ አንድ የራሴን ውርደት ልናገር። ወጣት ሳለሁ አይ ኤም አር 4895 አልቆብኝ ኤች 4895 ገዛሁ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ እንጨቱም መልኩ አንድ ነው፤ ምን ልዩነት አለው ብዬ በድሮው ማስታወሻዬ ላይ ያለውን፣ ያውም ጣራው ላይ የነበረውን መጠን ሞላሁ። ሦስተኛውን ጥይት ተኩሼ መቀርቀሪያውን ለመክፈት ስሞክር እንቢ አለኝ። በመዳፌ መታሁት፤ ከፈተ። ቀለሃውን አውጥቼ ግርጌውን ወደ ብርሃን አዞርሁት። መለኮሻዋ ጠርዟ ክብ መሆኑ ቀርቶ በወለል ላይ እንደተረገጠ ሸክላ ተዘርግታለች፤ ከአጠገቧ ደግሞ ቀለሃ አስወጪው የናሱን ፊት ፈቅፍቆ የሚያበራ ጨረቃ ትቶበታል። ያቺን ጨረቃ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አያታለሁ። ሁለት ሠሪዎች አንድ ቁጥር ስለተጋሩ ባሩዱ አንድ አይሆንም። ሁለት ወንድማማቾች አንድ የአባት ስም ስለያዙ አንዱ ለሌላው ፈተና ይቀመጣል? በተቃራኒውም አለ፤ ኤች 110 እና ደብልዩ 296 ሁለት ስም ያላቸው አንድ ባሩድ ናቸው። ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

የመንደድ ፍጥነት ሠንጠረዥ የሚባል ነገርም አለ፤ ከፈጣኑ እስከ ዘገምተኛው በተራ ቁጥር የተደረደረ። ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉት፤ እኔም ለጥፌዋለሁ። ግን ተራ እንጂ ርቀት አይነግራችሁም። በ20ኛውና በ21ኛው መካከል ያለው ልዩነት ፀጉር ሊሆን ይችላል፤ በ21ኛውና በ22ኛው መካከል ደግሞ ገደል። ሠንጠረዡ ማንን ልመልከት እንድትሉ ይረዳችኋል፤ ስንት ልሙላ ስትሉ ግን ዝም ይላል።

ሆዱ ምን ያህል ይሙላ? ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚጥም ክፍል ነው። ከሚስማሙት ሦስትና አራት ባሩዶች መካከል እኔ ቀለሃውን እስከ አንገቱ ሊሞላ የሚቀርበውን አስቀድማለሁ። ግማሽ ጎዶሎ ቀለሃ ውስጥ ባሩዱ እንደ ውኃ ይተኛል፤ ጠመንጃው ወደ ታች ሲያዘነብል ወደ አረሩ፣ ወደ ላይ ሲቀና ወደ መለኮሻው ይሄዳል። መለኮሻው የሚያገኘው ባሩድ በተኮሳችሁ ቁጥር ይለያያል ማለት ነው። አንድ ቀን በተኩስ ሜዳ በፍጥነት መለኪያ ፈተንሁት። ቀለሃውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ የሚሞላ ክብ ፍሬ ባሩድ ነበር። አምስቱን ባሩዱ ወደ መለኮሻው እንዲሄድ አድርጌ፣ አምስቱን ወደ አረሩ እንዲሄድ አድርጌ ተኮስሁ። የሁለቱ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ ተለያየ። አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ባሩድ፣ አንድ ሚዛን! 300 ሜትር ላይ ያ ልዩነት ትንሽ እንስሳ ሊያስት ይችላል። ቀለሃውን የሚሞላ የእንጨት ቅርጽ ባሩድ ይዤ ስመለስ ልዩነቱ ለመለየት የሚያስቸግር ሆነ።

የሞላ ቀለሃ ሌላም ደግነት አለው፤ በስሕተት ሁለት ጊዜ ከተሞላ ፈስሶ ያጋልጣችኋል። ጎዶሎው ግን ሁለቱንም ውጦ ዝም ይላል። በተቃራኒው «ለልምምድ ቀለል ላድርገው» ብሎ ዘገምተኛ ባሩድን ከመነሻው በታች መቀነስ ሌላ አደጋ ነው፤ ጥቂት ዘገምተኛ ባሩድ በሰፊ ቀለሃ ውስጥ ያልታሰበ ግፊት የፈጠረበት ጊዜ አለ። መነሻው መነሻ የተባለው በምክንያት ነው። ከታችም አጥር አለው።

አሁን አንድ ሰው «እንግዲያውስ እንጨቱ ይሻላል፤ ክቡ ለምን ይሠራል?» ሊል ነው። እጅህን አየሁት። ክቡ ከመስፈሪያ ጋር፣ መጠኑን እየለካ ከሚያወርደው መሣሪያ ጋር፣ ይስማማል። እጀታውን ስታወዛውዙት እንደ ውኃ ይወርዳል፤ በየጊዜው የሚሰጠው መጠን አንድ ነው። በአንድ ውሎ ሦስት መቶ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንጨቱ ግን መስፈሪያው ሲቆርጠው «ቀርጭ» ይላል፤ ጠባብ አንገት ላይ ሲደርስም ተደጋግፎ እንደ ድልድይ ይቆማል።

ስለዚህ ድልድይ አንድ ነገር ልናገርና ወደ ሦስተኛው እሄዳለሁ። 17 ሬሚንግተን የምትባል አለች፤ በ1971 የወጣች፤ አንገቷ ከ4.5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ አረር የሚይዝ። ረጅም እንጨት ባሩድ በመስፈሪያው መውረጃ ስለቅቅላት አንድ ማታ ወደ ቀለሃው የወረደው እፍኝ የማይሞላ ነገር ነበር። እጄ ቸኩሎ ወደሚቀጥለው ቀለሃ አለፈ። መውረጃውን ጣቴ ሲነካው የቆመው ድልድይ ፈረሰ፤ የቀደመው ቀሪና የሚቀጥለው ሙሉ በአንድ ላይ ወረደ፤ ቀለሃው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት እውነት ነው፤ እኔም ግማሽ ሰዓት በብሩሽ ስለቅም አመሸሁ። የፈሰሰው ግን አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ከሱ በፊት የሞላኋት ጎዶሎዋ ነበረች። ከሃምሳዎቹ መካከል የትኛዋ ናት? ሃምሳውንም ገልብጬ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ አረር ሳልጭን ሁሉንም በመደዳ አቁሜ በባትሪ ብርሃን ሆዳቸውን አያለሁ። ባሩዱ ሁሉም ውስጥ እኩል ከፍታ ላይ ካልቆመ አረር አይጫንም። አጭር እንጨትና ክብ ፍሬ ለጠባብ አንገት የሚመረጡትም በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙቀት።

ትልልቅ እንስሳ የሚያድን ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ጥይት ይተኩስ ይሆናል፤ ላይተኩስም ይችላል። እኛ ግን ሜዳ ላይ ተኝተን፣ ፀሐይ ጀርባችንን እየጠበሰ፣ ደርዘን በደርዘን ላይ እንተኩሳለን። የጠመንጃው ቱቦ ይግላል። ጥይቶቹ የተቀመጡበት ሳጥን ፀሐይ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ወደ ባሩዱ ይገባል፤ የሞቀ ባሩድ ቸኩሎ ይነድዳል። ሁሉም ባሩድ ግን እኩል አይቸኩልም። ናይትሮግሊሰሪን የተጨመረባቸው ብዙዎቹ የቀደሙ ክብ ፍሬ ባሩዶች ሙቀት ይሰማቸዋል፤ እንደ ቫርጌትና ኤች 4895 ያሉት ደግሞ ሙቀትና ብርድ ብዙ እንዳይለውጣቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ብማር ጥሩ ነበር። በብርድ ወር፣ ጠዋት፣ እስትንፋሴ እየታየ የ22-250 ጥይት በክብ ፍሬ ባሩድ ሞክሬ ጣራው ጋ ደረስሁ። ቆንጆ ነበር፤ አምስት ምት በአንድ አውራ ጣት ጥፍር። መቶ ሞላሁ። ወራት አለፉ፤ በበጋ እኩለ ቀን ሜዳ ወጣሁ። ሃያ ያህል ተኩሼ ሌላ አጎረስሁና ጓደኛዬ ከጎን ወሬ ጀመረ። አወራን። ሳቅን። ጥይቷ በጋለው ብረት ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ለካ እኛ ስናወራ እሷ እየበሰለች ነው! ስተኩስ ድምፁ የተለየ መሰለኝ። መቀርቀሪያው ተጣበቀ። ቀለሃው ሲወጣ መለኮሻዋ ከቤቷ ወደቀች፤ ሣሩ ላይ ስትወድቅ አየኋት፤ የተቀመጠችበት ቀዳዳ ሰፍቷል። ያን ቀን ጠመንጃውን ሸፍኜ ቀሪውን ሰማንያ ጥይት ይዤ ቤት ገባሁ፤ በሳምንቱም አንድ በአንድ አፈረስኋቸው። ወሬውን የጀመረው ጓደኛዬ አሁንም ጥፋቱ የባሩዱ ነው ይላል። እኔ ጥፋቱ በብርድ ወር ጣራ የነካሁት የእኔ ነው እላለሁ።

ስለዚህ የምትተኩሱት በበጋ ከሆነ የምትፈትኑትም በበጋ ይሁን። የምትመርጡት ባሩድ ሙቀት የማይለውጠው ይሁን። ጥይት አጉርሳችሁ ወሬ አትያዙ! ወሬ ከያዛችሁ መቀርቀሪያውን ክፈቱ! በሰከንድ 30 ሜትር ለመጨመር ብላችሁ ጣራ ላይ አትውጡ። ያቺ 30 ሜትር ፍጥነት ሩቅ ያለውን ትንሽ እንስሳ አትመታላችሁም፤ የሚመታው የመጀመሪያውም ሃምሳኛውም ምት አንድ ቦታ መሄዱ ነው።

የቱቦው ጉሮሮም ምስክር ነው። አረሩ ከቀለሃ ወጥቶ ወደ ሽንትሩ፣ በቱቦው ውስጥ ወደተቆረጠው ጠመዝማዛ ቦይ፣ የሚገባበትን ቦታ ነው ጉሮሮ የምለው። ብዙ ባሩድ በጠባብ ቱቦ፣ ያለ ማቋረጥ፣ ያንን ብረት እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጥቀዋል። 220 ስዊፍት በ1935 ሲወጣ ፋብሪካው 48 ግሬን አረር በሰከንድ ከ1250 ሜትር በላይ እንደሚወረውር አስታውቆ ዓለምን አስደነቀ፤ ቱቦ በላተኛ የሚለው ስምም አብሮት ተለጠፈ። እኔ ስዊፍትን አላማም፤ አለኝ፤ እወደዋለሁ። ግን አሥር ተኩሼ አሳርፈዋለሁ፤ እጄን ቱቦው ላይ አድርጌ ማቆየት ካልቻልሁ አልተኩስም። በአንድ ቁጭታ መቶ ለሚተኩስ ሰው ደግሞ 223 እና ከሷ ጥቂት የምታንሰው 222 ይበቁታል፤ ባሩዱም ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ይህን ስል ፊታቸውን ያጨፈገጉ ወዳጆች ይታዩኛል፤ ቆይተን እንከራከራለን።

ስለ አያያዝ አጭር ልበል። ባሩድ በተገዛበት ዕቃ ይቀመጥ፤ ወደ ሌላ ዕቃ አይገልበጥ። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይሁን። ክዳኑን ስትከፍቱ ደህናው ባሩድ ቀለል ያለ የአልኮልና የኤተር ሽታ አለው። የሚቆጠቁጥ የአሲድ ሽታ ከሸተታችሁ፣ ቀይ የዝገት ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ ዕድሜው አልቋል፤ ጊዜ ሳትሰጡ ከቤት አውጡት። ስትሞሉ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባሩድ ብቻ ይኑር። ስንት አልሁ? አንድ! ሌላው ሁሉ መደርደሪያ ላይ፣ ክዳኑ ጠብቆ። ሥራው ሲያልቅ መስፈሪያው ውስጥ የቀረው ወደ ራሱ ዕቃ ይመለስ፤ ያደረ ባሩድ መስፈሪያ ውስጥ ካገኛችሁ ማን እንደሆነ አታውቁምና ጣሉት። በመልክ አውቀዋለሁ የሚል ሰው አለ፤ እኔም እል ነበር፤ የጨረቃዋን ነገር ነግሬያችኋለሁ።

ያ የደወለልኝ ወጣት አሁን ሊጠይቀኝ ያሰበውን አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ለእኔ 223፣ ለ50 ግሬን አረር፣ በበጋ ሜዳ፣ አንድ ጣሳ ብቻ ብገዛስ?» ይኸው አሁን ጥያቄ ሆነ! ቀለሃው ታወቀ፣ አረሩ ታወቀ፣ ወቅቱ ታወቀ። ከሠንጠረዡ ላይ ሦስት ባሩዶች ታገኛለህ፤ ሆዱን የሚሞላውንና ሙቀት የማይለውጠውን ለይ፤ ሁለት ቢቀሩህ በቅርብ ያለማቋረጥ የምታገኘውን ግዛ። ከዚያ ከመነሻው ጀምረህ ቀስ እያልህ ውጣ። ምቱ ሲሰበሰብ ቁም፤ ጣራው ገና ቢሆንም ቁም። ሲከፍት እንቢ የሚል መቀርቀሪያ ሳታይ ማቆምህን ማንም ፈሪ አይልህም። ቢልህም እኔ ጋ ላከው።

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፤ የክበባችን ጸሐፊ ሰዓታቸውን ሦስት ጊዜ አይተዋል። ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ ጠረጴዛው ጋ ኑ። እነዚህ ሦስት ወረቀቶች ላይ ያለውን ባሩድ ግን ወደ ዕቃቸው አልመልሳቸውም። ስናገር ሳለሁ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሰው ሁለተኛውን ወረቀት ለማየት አንሥቶ መልሶ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ፤ ጥቂት ፍሬዎች ወደ መጀመሪያው ተንከባልለዋል። ስወጣ ውጭ አፈር ላይ እበትናቸዋለሁ።